የአረፋ አለቃው ጉንጭ

«እስቲ ጉንጭህን አምጣ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ እሺ እስኪባልም አልጠበቀም። በዚያ መጥበሻ በሚያክል መዳፉ የመነጽር ሠሪውን ጉንጭ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ፣ ከአገጩ እስከ ጉሮሮው ዳሰሰና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ኧረ ጉድ ነው ጎበዝ! ይሄ እኮ የተላጠ እንቁላል ነው!»

ሶፋ ሠሪውም በተራው ዳሰሰ። መምህሩ ግን እጁን አልሰነዘረም፤ ጠጋ ብሎ በዓይኑ ብቻ መረመረና «ፍጹም ነው፤ ሌላ ቃል የለውም» ብሎ ፈረደ። መምህሩ ፊዚክስ ስለሚያስተምር አንድን ነገር ፍጹም ነው ካለ የዋዛ ነገር አይደለም።

መነጽር ሠሪው ፈገግ አለ። ጉንጩን ግን ቶሎ ብሎ አሸሸ። ለምን ቢባል፣ በዚያ ጉንጭ ላይ ምላጭ አልፎበት አያውቅም። ጢም የሚባል ነገር አብቅሎ አያውቅማ! አርባን ከተሻገረ ቆይቷል፤ ሽበትም ጆሮው አካባቢ ብቅ ብሏል፤ ፊቱ ግን ያው ተወልዶ ይዞት የመጣው ፊት ነው። የአባቱ ወገን ጢማም ነበር፤ እሱ ለእናቱ ወገን አደላ። ታላቅ እህቱ «አንተን ሲያድልህ ነው፤ ሳሙና እንኳ አትፈጅ» ትለዋለች። ይህን እናንተ እወቁት፤ እነዚያ ሦስቱ ገና አልሰሙም።

ሰዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሶፋ ሠሪው ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ይሰበሰባሉ። ክፍሏ ሙጫና ስፖንጅ ትሸታለች። ሆዳቸው የተዘረገፈ ሶፋዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ በአንድ ጥግ የውሃ ቧንቧ፣ ከቧንቧው በላይ ደግሞ ከአሮጌ ቁም ሣጥን በር የተነቀለ ረጅም መስታወት አለ። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ሁሉም ጎድጓዳ ሳህኑን፣ ብሩሹን፣ ሳሙናውንና የብረት መላጫውን ይዞ መስታወቱ ፊት ይሰለፋል። ያ ተላጭተው የሚጥሉት የፕላስቲክ መላጫ እዚያ ክፍል ውስጥ ስሙ አይነሳም። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠውን፣ ሲጫኑት ፍስስ የሚለውን አረፋማ ሶፋ ሠሪው «እሱ ለእሳት ማጥፊያ ነው» ይለዋል። ከአሮጌ ዕቃ ተራ በአያቶቻቸው ዘመን የተሠራ መላጫ ያገኙ ዕለትማ አይጣል ነው! ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉት፣ ሲያገላብጡት፣ ሲያሞግሱት ይውላሉ።

ጢም ለመላጨት ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ግን በዝናብ ቆሞ ኳስ የሚያይ ሰው አለ፤ ወንዝ ዳር ውሎ አንድ ዓሣ ሳይዝ ደስ ብሎት የሚገባም አለ፤ ሰው ደስ ያለውን ያድርግ እንጂ! ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዋናው ጢሙ አይደለም፤ ዋናው ሳቁ ነው። ከመካከላቸው ሲላጭ ራሱን የቆረጠ ሰው የሁሉንም ሳህን ያጥባል፤ ሕጋቸው ይህ ነው። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ሳህን አጣቢው ያው ዳቦ ጋጋሪው ነው።

መነጽር ሠሪው ወደዚህች ክፍል የገባው በአጋጣሚ ነው። የሱቁን የደንበኛ ወንበሮች ልብስ ለማስቀየር ሶፋ ሠሪው ዘንድ ሄዶ ሳለ ከጓሮ ሳቅ ሰማና አንገቱን አስገባ። ሦስት ወንዶች ፊታቸውን ነጭ በነጭ አድርገው መስታወት ፊት ቆመዋል። የሦስቱም አረፋ ግን የዕቃ ማጠቢያ አረፋ ነበር፤ ትልልቅ፣ ነፋስ የሞላው፣ ጉንጭ ሳይነካ የሚፈነዳ። ይህን አይቶ ዝም ማለት አላስችል አለው።

«ይቅርታ አድርጉልኝና ውሃው በዝቷል» አለ።

ብሩሹን ከሶፋ ሠሪው እጅ ተቀበለ። ውሃውን አራገፈ፤ ሳሙናው ላይ ቀስ አድርጎ አሸው፤ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ ውሃ እየጨመረ በእጁ አንጓ ብቻ አዞረው። ሲጨርስ አረፋው እንደ እርጎ ረግቶ ሳህኑ ቢገለበጥ እንኳ የማይፈስ ሆነ። ሦስቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ማን አስተማረህ?» አለ መምህሩ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። መልሱ አጭር ነበር። አባቱ ሽቅርቅር ሰው ነበሩ፤ ሳይላጩ ቁርስ አይቀርቡም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጃቸው ብሩሹን ተረከበና እስከ መጨረሻይቱ ጠዋት ድረስ በየቀኑ ላጫቸው። ካረፉ በኋላ ብሩሹ መስኮት ላይ ደርቆ ቀረ፤ የልጅየውም እጅ ሥራ ፈታ። ጠዋት በልማድ ተነስቶ ውሃ ጥዶ፣ የሚላጭ ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለው ምድጃውን ያጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። «አባቴን እላጨው ነበር» ቢል በቃ፣ ያልቅ ነበር። ግን ዳቦ ጋጋሪው ቀደመው።

«ምን ትጠይቀዋለህ? ጉንጩን አታየውም እንዴ! እንዲህ የተላጨ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሦስቱም አዩት፤ ተደነቁ፤ ወንበር ሳቡለት፤ ሻይ ቀዱለት። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሰው እንዲህ ከቦት ስቆ አያውቅም። ሞቀው። ዝም አለ። «መቼ ተላጨህ?» ሲሉት ደግሞ «ጠዋት» አለ። አለቀ! ውሸት አንዴ ደጃፍ ከገባች ወንበር ስጡኝ ማለቷ አይቀርም። ከዚያች ቀን ጀምሮ «የአረፋ አለቃ» ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜም «ቤቴ ተላጭቼ ነው የመጣሁት» እያለ የእነሱን አረፋ ብቻ ይሠራል።

ስለ አረፋው የሚነግራቸው ሁሉ እውነት ስለነበር ውሸቱ ዕድሜ አገኘ። የመምህሩ ጉንጭ እንደ ቲማቲም መቅላቱን ተወ፤ ሶፋ ሠሪውም ከአገጩ በታች ያወጣው የነበረው ሽፍታ ጠፋለት። መከራው የዳቦ ጋጋሪው ነበር። የእሱ ጢም ጢም አይደለም፤ ሽቦ ነው። ጠዋት ተላጭቶ ምሳውን ሲበላ መልሶ ያቆጠቁጣል። «አለቃዬ፣ እንዴት ብትላጨው ነው እንዲህ የሚለሰልሰው?» ብሎ ሲጠይቅ መነጽር ሠሪው የሚያውቀውን ነገረው፤ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ጎን፣ አንገት ላይ ደግሞ በመጨረሻ ከታች ወደ ላይ። አባቱን እንደዚያ ነበር የሚላጫቸው። ዳቦ ጋጋሪው የተባለውን አደረገና አንገቱ ደም በደም ሆነ። በሳምንቱም ሞከረ፤ ደማ። «ጥፋቱ የእጄ ነው፤ ሊጥ የለመደ እጅ ምላጭ አይሆንለትም» እያለ፣ ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ አንገቱ ላይ እያሸ ሳህን ያጥባል። አንድም ቀን አለቃውን አልጠረጠረም። መነጽር ሠሪውን ውስጥ ውስጡን የሚበላው ይሄ ነበር።

በዚያች ጉንጩ በተዳሰሰባት ቅዳሜ ዳቦ ጋጋሪው ሳህኖቹን አጥቦ ጨረሰና እጁን እያደረቀ ተናገረ።

«ስሙኝማ። ሚስቴ ‹ሲያጌጡ ይመላለጡ› እያለች መሳቂያ አድርጋኛለች። ትራሷን ደም ነክቶባታል፤ እውነቷን ነው። በቃኝ ልላችሁ ነበር፤ ግን አንድ የመጨረሻ ነገር እንሞክር። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ማናችንም ምላጭ አንነካም። ጢማችንን አሳድገን እንመጣለን። አለቃ አጠገቤ ቆሞ ራሱን ይላጫል፤ እኔ እያየሁ እከተለዋለሁ። ያኔም ካቃተኝ ጢሜን ለቅቄ፣ ብሩሼን ለመምህር አውርሼ፣ ቅዳሜዬን ዳቦ ቤቴ ውስጥ እውላለሁ።»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ሶፋ ሠሪው። «አንተ ከቀረህ ሳህኑን ማን ያጥባል?»

ተሳሳቁ፤ ዳቦ ጋጋሪው ግን የምሩን ነበር። «ግሩም ሐሳብ ነው፤ በተግባር የተደገፈ ትምህርት!» አለ መምህሩ። ሁሉም ወደ አለቃቸው ዞሩ። መነጽር ሠሪው ክው አለ።

«እሺ» አለ።

«እሺ አልክ?» አለች እህቱ ማታ ራት ላይ፤ ከዚያ ማንኪያዋን ጥላ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። «በሳምንት ጢም ሊያበቅል! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የት አባትህ አስቀምጠኸው ነው?»

«እትዬ፣ አትሳቂ። ጭንቅ ላይ ነኝ።»

«ታዲያ ታመምኩ በላቸው።»

«ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። አታውቂያቸውም።»

የጨነቀው ሰው የማይሞክረው የለም። ሰኞ ዕለት ከአሮጌ ብሩሽ ላይ ፀጉር ቆረጠ፤ አደቀቀው። ከሱቁ ባመጣት ሙጫ አገጩን ቀባና ያንን ብናኝ ነሰነሰበት። መስታወት ሲያይ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሙጫው ሲደርቅ ቆዳውን ጨምድዶ ያዘውና አፉን መክፈት አቃተው። እህቱ በሩን ስትከፍት እጁን እያወራጨ ነበር።

«በሞትኩት! ምን ነካህ? ፍየል መሰልክ እኮ!»

ዘይት ቀብታ፣ በሙቅ ፎጣ አርሳ፣ እየሳቀችም እየተሳደበችም አላቀቀችለት። አገጩ ተልጦ ቀላ። ‹ሲያጌጡ ይመላለጡ› ለእሱም ደረሰው። ፎጣውን እየጨመቀች «ለምን አትነግራቸውም?» አለችው።

«ይስቁብኛላ።»

«ይሳቁ! ለመሳቅ አይደል እንዴ የምትሰበሰቡት?»

«ሳቁንስ እችለዋለሁ እትዬ» አለ መነጽር ሠሪው፤ ድምፁም ቀጠነ። «ዋሾ ነው ብለው ሁለተኛ ባይጠሩኝስ? አባባ ከሞተ ወዲህ ቅዳሜ ሲደርስ ደስ የሚለኝ በእነሱ ነው። ሌላ ማን አለኝ?»

እህቱ ሳቋን ተወች። አጠገቡ ተቀመጠችና አገጩን በፎጣው ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል አልሰማህም? አንተ ባትነግራቸው ጉንጭህ ይነግራቸዋል። ከጉንጭህ ከሚሰሙት ካንተ ቢሰሙት ይሻላል» አለችው። እሱ ግን አልጨከነም።

ሳምንቱ ሲጋመስ ዳቦ ጋጋሪው የተሰበረ መነጽሩን ይዞ ወደ ሱቁ ሲመጣ በመስኮት ታየው። መነጽር ሠሪው የእህቱን ሻርፕ ከመንጠቆው አውርዶ ፊቱ ላይ እስከ ዓይኑ ድረስ ጠመጠመው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ምነው? በዚህ ሙቀት?»

«ጉንፋን ነው ጋሼ።»

«ውይ! ጢሙ እንኳ አላሞቀህም?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። የእሱ ጢም ከጉንጩ አልፎ ወደ ዓይኑ እየወጣ ነበር፤ ግማሹ ሽበት ነው፣ ግማሹ ዱቄት። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። መነጽር ሠሪው የመነጽሩን እጀታ አስተካክሎ ሊያለካካው ፊቱ ላይ ጎንበስ ሲል፣ ጢሙ ያልሸፈነው የአንገቱ ቆዳ ታየው። አንዱ ጠባሳ በሌላው ላይ ተደርቧል። ይህ ሁሉ የእኔ ምክር ነው አለ በልቡ፤ ዓይኑን ማንሳት አቃተው።

ዳቦ ጋጋሪው ምንም አልጠረጠረም። «ሚስቴ ተው ትለኛለች» አለ። «አንድ የሚያውቅ ሰው አለ፣ በዓይኔ ካየሁት ይገባኛል አልኳት። ይገባኛል አይደል?»

መነጽር ሠሪው ሊነግረው ሻርፑን ያዝ አደረገ። ያኔ አንዲት ደንበኛ በሩን ከፍታ ገባች። ዳቦ ጋጋሪው ብድግ ብሎ ከከረጢቱ ትኩስ ዳቦ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። «ይሄ ለጉንፋንህ። በሻይ ብላው፣ እሺ? ቅዳሜ እንዳትቀርብኝ» ብሎ ወጣ። ያንን ዳቦ መነጽር ሠሪው ቆረሰና መልሶ አስቀመጠው። አሳፈረው። እውነቱን ለመናገር ከሳቁም፣ ከብቸኝነቱም ይልቅ ያ ዳቦ ከበደው።

ቅዳሜ ያለ ሻርፕ ሄደ።

ሦስቱ ቀድመውት ደርሰዋል። ማንቆርቆሪያው ይንፈቀፈቃል። የመምህሩ ጢም እዚህም እዚያም ደሴት ደሴት ሠርቶ ካርታ መስሏል፤ ሶፋ ሠሪው ማታ መንገድ ላይ ቢያገኙት ቦርሳ የሚያስደብቅ ሰው ሆኗል፤ ዳቦ ጋጋሪውማ ራሱ ብሩሽ ሆኖ ቁጭ ብሏል። መነጽር ሠሪው በሩ ላይ ሲቆም ሁሉም ዞረው አዩት።

«አይ አንተ!» ብሎ ዘለለ ሶፋ ሠሪው። «ተላጭቶ መጣ! ጎበዝ፣ አልቻለም! ተላጭቶ መጣ!»

«ሱስ ነው» አለ መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ። «ሱስ ደግሞ ቃል አያውቅም።»

«ሕግ አፍርሷል!» ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዛሬ ሳህን አጣቢው አለቃ ነው! እሰይ! አንድ ቀን እንኳ ልረፍ!»

እዩት እንግዲህ፤ በሩ ራሱ ወለል ብሎ ተከፈተለት! አዎ፣ አላስቻለኝም፣ ይቅር በሉኝ ቢል በሳቅ ያልፍ ነበር። ሳህኑን አጥቦ፣ አለቃ እንደተባለ ይቀጥል ነበር። አፉንም ለዚሁ ከፍቶ ነበር። ግን ዳቦ ጋጋሪው ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ስለነበር ያ አንገቱ እንደገና ታየው።

«አልተላጨሁም» አለ። «ዛሬም አልተላጨሁ፤ በሕይወቴም ተላጭቼ አላውቅም። ጢም የለኝም።»

ይባስ ብለው ሳቁ። ማን ይመነው! መምህሩ ግን በማስረጃ እንጂ በወሬ አይኖርምና «ወደ ብርሃን ና» ብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ከኪሱ አጉሊ መነጽር አወጣ። ጉንጩን፣ ከአፍንጫው በታች፣ አገጩን፣ ከጆሮው ሥር ፈተሸ። ሶፋ ሠሪው ከጎኑ ተለጥፎ አብሮ ያያል።

«አገኘሁ! አንድ አለ! ይኸውና!» አለ ሶፋ ሠሪው፤ ይዞም ሳበው። የሶፋ ክር ነበር፤ ከራሱ እጅጌ የወደቀ።

መምህሩ አጉሊ መነጽሩን ዝቅ አደረገ። «የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «ምልክቱም የለ። እኔ እኮ ፍጹም ነው ብዬ ነበር! ምንም ያልበቀለበትን መሬት ማጨዱን ሳደንቅ ከርሜአለሁ!» ከዚያ ሳቅ ያዘው፤ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ። ሶፋ ሠሪውማ ሽፋን በሌለው ሶፋ ላይ ወድቆ ሽቦዎቹ ሲንጣጡ «ጢም የሌለው የአረፋ አለቃ! ወይኔ፣ ሆዴን!» እያለ ተንፈራፈረ።

ዳቦ ጋጋሪው ብቻ አልሳቀም። እጁን አንስቶ አንገቱን ያዘ።

«እና የእኔ አንገት?» አለ።

የሁለቱ ሳቅ ቆመ። ሶፋ ሠሪው ተነስቶ ማንቆርቆሪያውን አጠፋ።

«ከታች ወደ ላይ አልከኝ። በራሱ ፊት የሞከረው ነው ብዬ አመንኩህ። ስደማ እጄን ሰደብኩ እንጂ አንተን አልሰደብኩም። ከየት አምጥተህ ነው የነገርከኝ?»

«ከአባቴ ፊት» አለ መነጽር ሠሪው። «እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ እላጨው ጀመር። የማውቀው ሁሉ እዚያ የተማርኩት ነው። ከእሱ ሌላ ሰው ላጭቼ አላውቅም። የእሱ ጢም ጥጥ ነበር ጋሼ፤ ወዴትም ብትሄድበት እሺ ይላል። የአንተ ሽቦ ነው። የእሱን መንገድ ለአንተ ሰጠሁህ። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት... ወንበር ስለሳባችሁልኝ ነው። ብናገር ወንበሩን መልሳችሁ የምትወስዱት መሰለኝ። ሳህን ስታጥብ እያየሁ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነው፤ ይቅር በለኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣ። ሶፋ ሠሪውና መምህሩ ተያዩ። መነጽር ሠሪው ‹ሄደ› አለ በልቡ፤ እሱም ሊሄድ ወደ በሩ ዞረ። ወዲያው ከዚያ ማዶ ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማ። ዳቦ ጋጋሪው ልብሱ የተገፈፈ ባለመደገፊያ ወንበር እየጎተተ ተመለሰና መስታወቱ ፊት ገተረው።

«ቆርጠኸው ታውቃለህ?» አለ።

«ማንን?»

«አባትህን ነዋ!»

«አንድ ጊዜ። ሳቅ ይዞት።»

«ያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ!» ዳቦ ጋጋሪው ኮቱን አውልቆ ለመምህሩ ወረወረለት፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሽቦዎቹ አቃሰቱ። አንገቱን ወደ ኋላ ጣለና አገጩን ቀና አደረገ። «እኔ በየሳምንቱ ራሴን እቆርጣለሁ። ና። የአባትህን ፊት ነው የምታውቀው፤ የእኔን አታውቅም። ና ተማረው።»

«ጋሼ፣ ብቆርጥህስ?»

«ሳህን ታጥባለህ!»

ክፍሏ በሳቅ ተናጋች። ሶፋ ሠሪው ማንቆርቆሪያውን መልሶ ጣደ፤ መምህሩ የገዛ ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክሮ አቀበለ። መነጽር ሠሪው እጁን ታጠበ። ብሩሹን ያዘ። አረፋውን ሠራ። ከመቀባቱ በፊት ግን በጣቶቹ ጫፍ የዳቦ ጋጋሪውን አንገት ዳሰሰ፤ ፀጉሩ ወዴት እንደሚተኛ በቀኝ በኩል ፈለገ፤ በግራ በኩል ፈለገ።

«አየኸው?» አለ። «ሌላው ሰው ፀጉሩ ወደ ታች ይወርዳል። ያንተ አንገት ላይ ወደ ጎን ተኝቷል፤ እዚህች ጋ ደግሞ ክብ ይዞራል። ከታች ወደ ላይ ስትሄድ ከእሱ ጋር ስትጋጭ ነው የከረምከው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እሱ ወደሚሄድበት ሂድ። አንድ ጊዜ ብቻ። አትደጋግመው።»

«ግን ሦስት ጊዜ መሆን ነበረበት...» ብሎ ጀመረ መምህሩ።

«መምህር!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከአረፋው ውስጥ። «አስተማሪዬ እየላጨኝ ነው፤ አትረብሸው።»

ምላጩ መሄድ ጀመረ። ሽቦ ሲቆረጥ ድምፅ አለው፤ ክርክር፣ ክርክር እያለ ይሰማል። መነጽር ሠሪው በግራ እጁ ቆዳውን ወጠር፣ በቀኙ ቀስ፤ ወጠር፣ ቀስ እያደረገ አንገቱን ጨረሰ። ሶፋ ሠሪው ጎንበስ ብሎ አየና «ደም የለም!» ብሎ ለዓለም አወጀ። «ደም የለም ጋሼ! አንዲት ጠብታ የለም!» መምህሩ አጨበጨበ። ቀኝ ጉንጩም አለቀ። መነጽር ሠሪው ወደ ግራው ሲዞር ዳቦ ጋጋሪው ማንም ሳይነግረው አየር ስቦ ጉንጩን ነፋለት፤ ቆዳው እንዲወጠርለት ብሎ። አባትየውም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ልክ እንዲሁ።

የመነጽር ሠሪው እጅ አየር ላይ ቆመ። መነጽሩ በእንፋሎት ይሁን በሌላ ነገር ጭጋግ ለበሰ። ከአባቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ግን ያው ደስታ እያስለቀሰው ነው።

ዳቦ ጋጋሪው የነፋውን ጉንጭ እንደነፋ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አየው። አየሩን ቀስ ብሎ ለቀቀ።

«ወንድሜ» አለው፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ የቻለውን ያህል አለስልሶ፣ «አልቅስ፤ ደግ ነው። መጀመሪያ ግን ምላጩን አስቀምጥልኝ።»

መነጽር ሠሪው ከት ብሎ ሳቀ። ምላጩን አስቀመጠ። በመምህሩ ፎጣ ፊቱን ሸፍኖ ያሻውን ያህል አለቀሰ፤ ያሻውን ያህልም ሳቀ፤ ማንም አላስቸኮለውም። ከዚያ መነጽሩን ወለወለ፤ ሳህኑ ውስጥ የነበረው አረፋ ትንሽ ጠጥሮ ስለነበር ሁለት ጠብታ ውሃ ጨመረበት።

«ንፋው እንግዲህ» አለ።

ዳቦ ጋጋሪው ጉንጩን ነፋ።